ከካናዳ ውጭ እየኖሩ የትዳር አጋርን ማስመጣት፦ ለካናዳ ዜጎች ዝርዝር መመሪያ

ካናዳ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ፣ ወይም ለሥራ ዱባይ ሄዶ እዚያው ትዳር የያዘ ሰው ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ያው ነው፤ «እኔ ራሴ ካናዳ ሳልኖር ሚስቴን ማስመጣት እችላለሁ ወይ?» መልሱን የሚወስነው ኪሱ ውስጥ ያለው ሰነድ ነው። የካናዳ ዜጋ ከሆነ ውጭ አገር ተቀምጦ ስፖንሰር ማድረግ ይችላል። ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ብቻ ከሆነ ግን አይችልም፤ መጀመሪያ ካናዳ ተመልሶ መኖር አለበት። ፒአር ያላችሁና ውጭ የምትኖሩ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ከማንበባችሁ በፊት የመመለሻችሁን ነገር አስቡ።

እኔም አዲስ አበባ አምስት ዓመት ሠርቼ ባለቤቴን ይዤ የተመለስኩት በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንና የዘመዶቼን ፎርም ሳይ ከርሜያለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ፋይላችሁ ውስብስብ ከሆነ የት ላይ ጠበቃ እንደሚያስፈልግ በየቦታው እናገራለሁ።

ቶሮንቶ ተቀምጦ የሚያመለክት ሰው ዋና ፈተናው «ትዳራችሁ እውነተኛ ነው?» የሚለው ነው። ውጭ ያለው ሰው ግን በላዩ ላይ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «በእርግጥ ተመልሰህ ካናዳ ልትኖር ነው?» እኔ ካየኋቸው ፋይሎች የተጉላሉት አብዛኞቹ በዚህኛው ነው። ሰው የሰርግ ፎቶ ሲመርጥ ይከርምና ለመመለሱ ማስረጃ አንድ ወረቀት ሳያያይዝ ያስገባል።

መብቱ አላችሁ ወይ?

ስፖንሰሩም የትዳር አጋሩም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። ስፖንሰሩ ከአካል ጉዳት ውጭ ባለ ምክንያት የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል፣ ከኪሳራ ውሳኔ ያልወጣ፣ እስር ቤት ያለ፣ ፍርድ ቤት የወሰነበትን ቀለብ የማይከፍል ወይም በተወሰኑ የኃይል ወንጀሎች የተፈረደበት ከሆነ አይፈቀድለትም።

የእኛን ሰው በተለይ የሚነኩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ እናንተ ራሳችሁ በትዳር ስፖንሰር ተደርጋችሁ ካናዳ ገብታችሁ ከሆነ ፒአር ካገኛችሁበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ሳይሞላ አዲስ የትዳር አጋር ስፖንሰር ማድረግ አትችሉም። በመካከሉ ዜግነት ብታገኙም ቆጠራው አይቀርም። ሁለተኛ፣ ከዚህ ቀደም ሌላ የትዳር አጋር አስመጥታችሁ ከሆነ የገባችሁት የ3 ዓመት ግዴታ ማለቅ አለበት፤ ፍቺ ግዴታውን አያሳጥረውም።

ሦስተኛው የሚያስለቅሰው ነው። ካናዳ ስትገቡ አግብታችሁ ነበር፤ ነገር ግን «ፕሮሰሱ እንዳይዘገይ» ብላችሁ ወይም ሌላ ሰው መክሯችሁ ነጠላ ነኝ ብላችሁ ገባችሁ እንበል። ያን ጊዜ ያልተመዘገበውንና ያልተመረመረውን የትዳር አጋር በኋላ በቤተሰብ መደብ ማስመጣት በሕጉ የተከለከለ ነው። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለተወሰኑ ስፖንሰሮች ቀዳዳ የከፈተ ጊዜያዊ ፖሊሲ ወጥቶ ነበር፤ እናንተን ይመለከት አይመለከት ግን በራሳችሁ አትገምቱ። ጠበቃ ጋ ከሚያስኬዱ ጉዳዮች የመጀመሪያው ይህ ነው። እንደገና መዋሸት ደግሞ ጉድጓዱን ያሰፋዋል፤ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ አመልካች ለ5 ዓመት ካናዳ እንዳይገባ ይታገዳል።

ገቢን በተመለከተ፣ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ስለ ድህነት ወለል 125 በመቶ ቢነግሯችሁ ያ የእነሱ ሕግ ነው። ካናዳ ለትዳር አጋር የተቆረጠ የገቢ ወለል አትጠይቅም። የምትፈርሙት ግን ግዴታ ነው፤ አጋራችሁ ፒአር ካገኘችበት ቀን ጀምሮ ለ3 ዓመት መሠረታዊ ፍላጎቷን ትሸፍናላችሁ፤ የመንግሥት ድጎማ ከወሰደች ትከፍላላችሁ።

ኩቤክ ልትኖሩ ካሰባችሁ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የራሱ ተጨማሪ ሂደት አለው፤ የሚቀበለው የማመልከቻ ብዛትም የተገደበ ስለሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ልጅ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እናንተ ካናዳ ውስጥ ከተወለዳችሁ ወይም ልጁ ከመወለዱ በፊት ዜግነት ከወሰዳችሁ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ልጃችሁ በትውልድ የካናዳ ዜጋ ነው። ለእሱ የሚጠየቀው የዜግነት ማረጋገጫ ነው፤ ስፖንሰር አያስፈልገውም። የልጅ ክፍያ ከፍለው ወራት ያባከኑ ሰዎች አውቃለሁ።

ጋብቻው በሕግ ፊት

ካናዳ የምትቀበለው ጋብቻ በተፈጸመበት አገር ሕግም በራሷ ሕግም የጸና ከሆነ ነው። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ የማዘጋጃ ቤት፣ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻ ሁሉም ጋብቻ ነው። ተክሊል ብትፈጽሙም ኒካህ ብታስሩም ለፋይሉ የሚያስፈልገው ግን ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚወጣው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን ወረቀት በተጨማሪ አያይዙት።

የካናዳ ዜጋ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ቢኖረውም በሕግ የውጭ ዜጋ ነው፤ ስለዚህ ወረዳው ያላገባችሁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃችኋል። የካናዳ መንግሥት «ያላገባ» የሚል ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ በምትኩ ይህንኑ የሚያስረዳ ደብዳቤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በኩል ይወጣል። ሰርጉ ጥር ላይ ከሆነ በመስከረም መጠየቅ ጀምሩ።

ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካናዳ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የታሰረ ጋብቻን ለስፖንሰር አትቀበልም። ሁለታችሁም በአካል እዚያው መገኘት አለባችሁ። ሪያድ ሆኖ ደሴ ላይ ኒካሁ የታሰረለት ሰው ሃይማኖቱ ቢፈቅድለትም ይህ ፋይል አይሆንለትም። መፍትሔው ተገናኝቶ በአካል እንደገና መጋባት ነው።

ከመካከላችሁ ቀድሞ ያገባ ካለ ደግሞ የፍቺ ውሳኔው ከፍርድ ቤት መሆን አለበት። ሽማግሌ ተቀምጦ የለያያቸው፣ ንብረት የተካፈሉ፣ አሥር ዓመት ያልተያዩ ሰዎች በወረቀት ላይ ገና ባልና ሚስት ናቸው።

መመለሳችሁን ማስረዳት

ቅጹ ላይ «አጋርህ ፒአር ስታገኝ ካናዳ ትኖራለህ?» ለሚለው «አዎ» ብሎ ምልክት ማድረግ አይበቃም። የምታስረዱት ለወደፊቱ ስላሰባችሁት ነገር ነው፤ ሐሳብ ደግሞ በወረቀት ካልተደገፈ ወሬ ነው። የኢሚግሬሽን መኮንኑ የሚያየው ደህና ደመወዝ ያለው፣ ቦሌ የተከራየ፣ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ነው። «ይህ ሰው ለምን ይሄን ትቶ ይመለሳል?» ብሎ ቢጠይቅ አትፍረዱበት።

ስለዚህ ፋይሉን በሁለት ወገን ሙሉት። በአንድ በኩል ካናዳ ላይ የምትዘረጉት ነገር ይታይ፤ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ወደ ካናዳ ሊያዛውራችሁ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ይህ ከሌለ ያመለከታችሁባቸው ሥራዎችና ያገኛችሁት መልስ፣ የትምህርት ቤት ቅበላ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የቤት ባለቤትነት፣ የምትጠቀሙበት የካናዳ ባንክ ሒሳብ። ወንድማችሁ ካልጋሪ ቤት ካለውና መጀመሪያ እሱ ጋ የምታርፉ ከሆነ አድራሻውን፣ ስንት ክፍል እንደሚለቅላችሁና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጽፎ ይፈርም፤ የራሱን የቤት ሰነድና መታወቂያም ያያይዝ። «እህቴና ባለቤቷ መጥተው ቢኖሩ ደስ ይለኛል» የሚል ሁለት መስመር ብዙም አይረዳም።

በሌላ በኩል አሁን ባላችሁበት አገር የምትፈቱት ነገር ይታይ። የሥራ ውላችሁ መቼ ያልቃል? የኢምሬትስ የመኖሪያ ፈቃዳችሁስ? የቤት ኪራዩ? መኪናውን ልትሸጡ ነው? ሥራችሁን ግን ፒአሩ ሳይመጣ አትልቀቁ፤ ማንም ያን አይጠይቃችሁም። አለቃችሁ ዕቅዳችሁን እንደሚያውቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ቢሰጣችሁ በቂ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያያይዝ የአንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፉ። መቼ እንደምትመለሱ፣ የት ከተማ፣ ለምን እዚያ፣ ምን ሠርታችሁ እንደምትኖሩ፣ ከእናንተ ማን ቀድሞ እንደሚሄድ። ስፖንሰሩ ከአጋሩ ጋር አብሮ መግባት ይችላል፤ ስድስት ወር ቀድሞ መሄድ አይጠበቅበትም። እኔ ደብዳቤዬ ላይ ኤድመንተን የመረጥኩበትን ምክንያት በግልጽ አስቀምጬ ነበር፤ ታናሽ እህቴ እዚያ ናት፣ የቤት ኪራዩ ከቶሮንቶ ይረክሳል፣ የቀድሞ ሙያዬ እዚያ ሥራ አለው። ተራ ምክንያት ነው፤ እውነተኛ ሰው የሚያስበውም እንዲህ ያለ ተራ ነገር ነው።

ውጭ ስለኖራችሁ የካናዳ የገቢ ግብር ማሳወቂያ ላይኖራችሁ ይችላል። የሰነድ ዝርዝሩ «ኦፕሽን ሲ» የሚባለውን የግብር ማጠቃለያ ይጠይቃል። ከሌላችሁ ባዶ አትተዉት፤ በየትኞቹ ዓመታት በግብር ሕግ ነዋሪ እንዳልነበራችሁ አስረድታችሁ የአሁኑን የሥራ ደብዳቤና የደመወዝ ማስረጃ በቦታው አስገቡ።

ትዳሩን በወረቀት ማሳየት

የግንኙነት መጠይቁ አይኤምኤም 5532 ይባላል። እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ማን አስተዋወቃችሁ፣ ቤተሰብ መቼ አወቀ፣ ሰርጉ ላይ ማን ተገኘ፣ ስንት ጊዜ ተጠያየቃችሁ ይላል። አንዳችሁ ለሌላው አትሙሉ፤ ለየብቻ ጽፋችሁ አስተያዩት። ልዩነት ካለ ማን እንደተሳሳተ ተነጋገሩ፤ «በፋሲካ» እና «ከፋሲካ በኋላ» እንኳ ጥያቄ ይጭራል።

የእኛ ወግ ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነው። ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ፣ ቀለበት፣ ሰርግና መልስ ለምን የተለያዩ ቀኖች እንደሆኑ፣ የሙሽራዋ ልብስ ለምን እንደተለወጠ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ሚስት የባሏን ስም አለመውሰዷም በእኛ ዘንድ ልማድ መሆኑን ጥቀሱ። ሰርጉ ትንሽ ከነበረ፣ ለቅሶ ስለነበረ ወይም ብር ስላልነበረ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ጻፉት። በሃይማኖት ወይም በዕድሜ ብትራራቁ ቤተሰብ እንዴት እንደተቀበለው ጻፉ። መኮንኑ ራሱ እስኪጠይቅ አትጠብቁ።

ፎቶ ከ20 አይበልጥ፤ የቫይበር፣ የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም ንግግር ከ10 ገጽ አይበልጥ። ሃያውንም ፎቶ ከአንድ ቀን ሰርግ አትምረጡ። ሽማግሌ የሄደበት፣ ሰርጉ፣ የእናትየው ቤት ቡና፣ የልጅ ክርስትና፣ አብራችሁ የሄዳችሁበት ሐዋሳ እያላችሁ ዓመቱን አዳርሱት። ከእያንዳንዱ ሥር ቀን፣ ቦታና የሰዎቹን ማንነት ጻፉ። አማርኛ የሆነው ንግግር መተርጎም ስላለበት «ደርሰሃል?» «እሺ በላሁ» የሚሉትን መልእክቶች አትናቁ። ትዳር የሚመስሉት እነሱ ናቸው፤ ለመተርጎምም ቀላል ናቸው። አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የኪራይ ውል፣ የጋራ ሒሳብና በሁለታችሁ ስም የመጣ ደረሰኝ ከመልእክቱ ሁሉ ይበልጣሉ።

ስምና ቀን

በዚህች ትንሽ ነገር ስንት ሰው ተጉላልቷል! ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል እኛ የለንም። ፓስፖርቱ ላይ በምን መስመር ምን እንደተጻፈ እዩና እሱኑ በሁሉም ቅጽ ላይ ድገሙት። ትዕግስት የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ በፓስፖርት አንድ፣ በልደት ካርድ ሌላ፣ በስምንተኛ ክፍል ካርድ ሌላ። ሊታረም የሚችለውን አሳርሙ፤ የማይታረመውን አንድ ሰው መሆኗን በሚገልጽ ቃለ መሐላ አስደግፉ።

ቀን ስትለውጡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልዩነት አትደምሩ። ጥር 12 ቀን 2015 ጃንዋሪ 20 ቀን 2023 ነው፤ ጥር 12 ቀን 2016 ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ማግስት ያለው ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ይገፋል። ተርጓሚ ቤቱ ይህን ረስቶ ከሆነ የጋብቻ ወረቀታችሁና ቅጻችሁ አንድ ቀን ይለያያሉ።

ቅጾቹና ክፍያው

ማመልከቻው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የፒአር ፖርታል ላይ ነው የሚገባው። ስፖንሰሩ የሚፈርመው አይኤምኤም 1344 ነው። አመልካቿ አይኤምኤም 0008፣ 5669 እና 5406 ትሞላለች። 5533 የሰነድ ዝርዝሩ ነው፤ እሱን አትመው ግድግዳ ላይ ለጥፉና እያጠፋችሁ ሂዱ። 5669 ላይ ያለፉት ዓመታት ሥራና አድራሻ ያለ ክፍተት ይሞላል፤ ሥራ ያልነበረበት ጊዜ «ሥራ ፈላጊ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይዘለልም።

1344 ላይ አንድ ምርጫ አለ፤ ስፖንሰሩ ብቁ ካልሆነ ማመልከቻው ይቅር ወይስ ይቀጥል? «ይቅር» ካላችሁ ከስፖንሰር ክፍያው በቀር ገንዘቡ ይመለሳል፤ ግን ይግባኝ የለም። «ይቀጥል» ካላችሁ ከነዋሪነት መብት ክፍያው በቀር ገንዘቡ ይቃጠላል፤ ይግባኙ ይኖራል። ውጭ የሚኖር ሰው ብቁነቱ ሊያከራክር ስለሚችል እኔ «ይቀጥል» የሚለውን ነው የምመርጠው።

ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 በወጣው ተመን ጠቅላላው 1,205 የካናዳ ዶላር ነበር፤ 85 የስፖንሰር፣ 545 የአመልካች፣ 575 የነዋሪነት መብት። አሻራ 85 ይጨመራል። ተመኑ በየሁለት ዓመቱ ስለሚከለስ ከመክፈላችሁ በፊት ገጹን እዩ። የነዋሪነት መብት ክፍያውን ማቆየት ይቻላል፤ ግን አብራችሁ ብትከፍሉ መጨረሻ ላይ አትጠባበቁም፤ ፋይሉ ውድቅ ከሆነም ይመለሳል። ከአዲስ አበባ በውጭ ምንዛሪ መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ የካናዳ ካርዳችሁ ጊዜው እንዳላለፈ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አጋራችሁ ከ18 ዓመቷ ወዲህ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖረችበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያስፈልጋታል። ቤይሩት ወይም ጂዳ ሠርታ ለተመለሰች ሴት ከፋይሉ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ከፎቶው በፊት ከዚህ ጀምሩ። አሁን ከምትኖርበት አገር የሚወጣው ወረቀት ግን ከስድስት ወር ያልበለጠ መሆን ስላለበት እሱን መጨረሻ ላይ አውጡት።

ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ቀን አሳድራችሁ እንደገና እዩት። እኔ አንድ ቅጽ ላይ ፊርማ ረስቼ ሙሉ ፋይሉ ተመልሶልኛል። እስኪመለስ ድረስ የባለቤቴ የፖሊስ ማስረጃ ጊዜው አልፎ ነበር።

«ሁሉን እኔ እጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። በካናዳ ሕግ በገንዘብ ሊያማክርና ሊወክል የሚችለው በዋናነት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ነው፤ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁና በድረ ገጹ ላይ ፈልጉት። ቁጥሩን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

ካስገባችሁ በኋላ

ፋይሉ ሙሉ ከሆነ የመቀበያ ደብዳቤና ቁጥር ይደርሳችኋል። ከዚያ አሻራ እንድትሰጡ ሲታዘዝ 30 ቀን አላችሁ፤ አዲስ አበባ ላይ በቪዛ ማመልከቻ ማዕከሉ ይሰጣል። የጤና ምርመራው ሲታዘዝ የሚደረገው በዝርዝሩ ባሉ ሐኪሞች ብቻ ነው፤ ሌላ ሆስፒታል ያደረገው አይቆጠርም። የትዳር አጋር ሕክምናዋ ለካናዳ ወጪ ይበዛል ተብሎ አትከለከልም፤ ስለዚህ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም አትደብቁ። ምርመራው ለ12 ወር ያገለግላል።

በዚህ መሐል የሚለወጥ ነገር ሁሉ ይነገር፤ እርግዝና፣ አዲስ ፓስፖርት፣ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ መዛወር። በተለይ የተወለደ ልጅ ሳይነገር ማለፍ የለበትም።

ቃለ መጠይቅ ለሁሉም አይደረግም። ከተጠራች ግን ራሷ የጻፈችውን አንብባ ትሂድ። ስለ አማቷ ስም፣ ስለ ባሏ የሥራ ሰዓት፣ ካናዳ የት እንደምትኖሩ ትጠየቃለች። «እሱ ያውቃል» የሚለው መልስ አያዋጣም።

በመጠበቅ ላይ ሳላችሁ የጉብኝት ቪዛ መጠየቅ ሕጉ አይከለክልም፤ ለመኖር ማመልከቷና ለመጎብኘት መሄዷ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ሆኖም መኮንኑ በጊዜው እንደምትመለስ ካላመነ ይከለክላል፤ በዚያ ተስፋ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ።

ውድቅ ከሆነ

ከካናዳ ውጭ የሚገባው የቤተሰብ መደብ ፋይል ይግባኝ አለው። ይግባኙን የሚያቀርበው ስፖንሰሩ ነው፤ ምክንያቱን የያዘው ደብዳቤ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ክፍል ይቀርባል። ሠላሳዋ ቀን አጭር ናት፤ ደብዳቤው በኢሜይል ስለሚመጣ አላስፈላጊ መልእክት የሚጣልበትን ሳጥን ጭምር አዘውትሩ። ምክንያቱ ወረቀት ማነስ ከሆነ አንዳንዴ እንደገና ማመልከት ይፈጥናል፤ ሐሰት ተብሎ ከሆነ ግን ያለ ጠበቃ አትንቀሳቀሱ።

ፈቃዱ ሲመጣ

ፓስፖርቷን ስትጠየቅ ትልካለች፤ ቪዛውና የፒአር ማረጋገጫው አብረው ይመጣሉ። የመግቢያው የመጨረሻ ቀን ላዩ ላይ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከጤና ምርመራው ወይም ከፓስፖርቱ ቀን ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይራዘምም። ልብስና ቡና ከማሸጋችሁ በፊት ያን ቀን እዩ።

አየር ማረፊያው ላይ «ባልሽ የት ነው?» ብትባል «ከኋላዬ» ማለት መቻል አለባት። ስፖንሰሩ በመጨረሻው ሰዓት «የሥራ ውሌ ተራዘመ፣ አንቺ ቅደሚ» ካለ ያ ሁሉ የመመለሻ ማስረጃ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ዕቅዱ በእውነት ከተለወጠ ከመብረሯ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ።

የፒአር ካርዱ የሚላከው ወደ ካናዳ አድራሻ ብቻ ነው፤ በ180 ቀን ውስጥ አድራሻ አስመዝግቡ። ከ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መኖር ግዴታዋ ነው። ኋላ ላይ ሥራ ቢያስወጣችሁ ከዜጋ ባሏ ጋር አብራ ውጭ የኖረችው ቀን ሊቆጠርላት ይችላል፤ አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳየውን የኪራይ ውልና የአውሮፕላን ትኬት ግን ያን ጊዜም ማስቀመጥ አለባችሁ።